ለሦስተኛ ፎቅ የሚሆን ሯጭ ውሻ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ከእናቴና ከ9 ዓመት ልጄ ጋር ነን። ከሁለት ዓመት ወዲህ ለጤናዬ ብዬ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። 11 ሰዓት ወጥቼ 12 ሰዓት እመለሳለሁ፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪስ እይዛለሁ። መንገዱ ጭር ስለሚል አብሮኝ የሚሮጥ ውሻ ፈልጌያለሁ። ወንድሜ የሃስኪ ቡችላ ላምጣልሽ ብሎኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ቡችላ አለ ትላለች። እናቴ ግን «ውሻ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል?» እያለች ነው። ሯጭ ውሻ አፓርታማ ውስጥ ይጨነቃል ወይ? የትኛውን ልውሰድ?
ከየካ አባዶ

መልስ፦ እህቴ፣ ከእናትሽ ጥያቄ ልነሳ። ዋናውን ነገር የነኩት እሳቸው ናቸው።

ውሻ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል? የሚሠራው ነገር ሲያጣ ነው የሚያስቸግረው። የቤቱ ጥበት ያን ያህል አያሳስበኝም። አያት አካባቢ ሰፊ ግቢ ውስጥ ቀን ከሌት ታስረው ጅራታቸውን እያኘኩ የሚያቆስሉ ውሾች አክሜያለሁ። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ በሰላም የሚኖሩ ውሾችም አውቃለሁ። ልዩነቱ ቀናቸው እንዴት እንደሚያልፍ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ቤት ነው። የዛሬ 11 ዓመት ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖር ነበር። አንድ ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ አመጣሁ። ሐኪም ነኝ፣ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ እናንቀሳቅሰዋለን፣ ከዚያ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። እስክመለስ ለአሥር ሰዓት ያህል ብቻውን ነው። ስምንት ወር ሲሞላው የበሩን መቃን በጥርሱ ጨረሰው። ከሥራ ስመለስ ጩኸቱ ከታች ከመግቢያው ይሰማል። ፊት ለፊታችን አራስ ነበረች፤ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም፣ ግን ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ አየሁት። በመጨረሻ ሰበታ በኩል ከብት ላለው ዘመዴ ሰጠሁት። እዚያ ሥራ አገኘ፣ ደህና ሆነ። እኔ ግን ትቼው ስመለስ አጥሩን ተከትሎ እስከ መንገዱ ድረስ የሮጠው ሩጫ እስከ ዛሬ ያመኛል። አንቺም ልጅሽም እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስባችሁ ስለምፈልግ ነው መልሴን ያረዘምኩት።

ጀርመን ሼፐርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀርመን አገር የወጣ የበግ እረኛ ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲያስብና እንዲታዘዝ ተደርጎ የተመረጠ ነው። ሃስኪ የሳይቤሪያ ውሻ ነው፤ በበረዶ ላይ ሸክም እየጎተተ ረጅም መንገድ እንዲሄድ የተራባ። ብዙ ሰው «ሙቀቱ ይጎዳዋል» ይላል። የእኛ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፣ ሙቀቱ የቀትር ፀሐይ ላይ ካልሆነ ያን ያህል አይደለም። ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ሃስኪ ከመጮህ ይልቅ እንደ ተኩላ ያላዝናል። ድምፁ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አይበግረውም። ከእጅ ካመለጠም መሮጥ እንጂ መመለስ አይሆንለትም። ፀጉሩ ደግሞ በእናትሽ ነጠላ ላይ ሁሌም ይገኛል።

ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ሩጫ እንዲህ ያለውን ውሻ አያደክመውም፤ እንደ አንቺው ጉልበቱን ያጠነክረዋል። ዛሬ 5 ኪሎ ሜትር ያደከመው ውሻ ከጥቂት ወራት በኋላ 5 ኪሎ ሜትር ማሟሟቂያው ይሆናል። አንቺ ሰርቪስ ስትይዢ እሱ ገና ሥራ ሊጀምር ነው። ስለዚህ ለፎቅ ቤት የምፈልገው ሲወጣ የሚሮጥ፣ ሲገባ የሚተኛ ውሻ ነው። ይህን ደግሞ ቡችላ ላይ ማየት አይቻልም።

ቡችላ ለአንቺ የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። አጥንቱ እስኪጠነክር ረጅም ሩጫ አይፈቀድለትም። መካከለኛ ውሻ ዓመት ያህል፣ ትልቅ ውሻ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ መጠበቅ አለበት። ሽንት እስኪለምድ በየሁለት ሰዓቱ ሦስት ፎቅ መውረድም አለ። ያንን የሚያደርጉት እናትሽ ናቸው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ከሰው ጋር ያደገች የሀበሻ ውሻ ፈልጊ። ሰው የፈረንጅ ዝርያ ካልሆነ ውሻ አይመስለውም፤ ይህ ያሳዝነኛል። የሀበሻ ውሻ ፀጉሩ አጭር ነው፣ እግሩ ቀጭንና ጠንካራ ነው፣ ዳገቱንም ብርዱንም ያውቀዋል። አሁን ያለችኝ ዳማ 17 ኪሎ ናት። ከአንድ ጋራዥ ጥበቃ ነው የወሰድኳት። እኔን ተከትላ 8 ኪሎ ሜትር ትሮጥና ቤት ስንገባ ውሃዋን ጠጥታ እስከ ምሳ ትተኛለች። እርግጥ ሁሉም እንደ ዳማ አይደለም። ስለዚህ ሳትፈትኚ አትውሰጂ።

አንዴ አይተሽ እሺ አትበይ፤ በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ያህል ሂጂ። በገመድ ይዘሽ ግማሽ ሰዓት አንቀሳቅሻትና ቁጭ በይ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከተኛች ጥሩ ምልክት ነው። ዙሪያሽን ስትዞርና ስታለቅስ ከቆየች ሌላ ፈልጊ። ቁልፍሽን መሬት ላይ ጣይው፤ መደንገጧ ምንም አይደለም፣ ቶሎ መለስ ብላ ታሸተዋለች ወይ? አስረሻት ከዓይኗ ተሰወሪና ጩኸቷን አዳምጪ። ደረጃ ላይ ውሰጃት፤ ግቢ ያደገ ውሻ ደረጃ አይቶ ስለማያውቅ ሊፈራ ይችላል፣ ይለምደዋል። በግ ባለበትም አሳልፊያት። የካ አባዶ ብሎኮቹ መካከል በግና ፍየል እንደሚግጥ አንቺም ታውቂያለሽ። በግ የምታባርር ውሻ ከጎረቤት ጋር ታጣላሻለች። በመጨረሻ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። ሲቀርባት ሰውነቷ ከደረቀና ፊቷን ካዞረች፣ ምንም ቆንጆ ብትሆን ተያት።

እንዳመጣሻት አስመክኛት። ካልሆነ በየስድስት ወሩ ገደማ የሠፈሩ ወንድ ውሻ በሙሉ መግቢያችሁ ላይ ይሰበሰባል።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ። ቀኑን ከውሻዋ ጋር የሚውሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው እሺ ካላሉ ነገሩ አይሆንም፤ ይህን በግልጽ ልንገርሽ። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ከሆነ ውሻ ነጠላቸውን እንዲነካው አይፈልጉም፣ ልክም ናቸው። መኝታዋን በረንዳው በር አጠገብ አድርጊላት። የእናትሽ ክፍል መድረክ የማታልፈው ድንበር ይሁን። ውሻ እንዲህ ያለውን ድንበር በሁለት ሳምንት ይለምዳል፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ካደረገ።

ከዚያ ጎረቤት። ውሻዋ ከመምጣቷ በፊት የብሎካችሁን ኮሚቴ ጠይቂ፣ ስለ እንስሳ ደንብ ካላቸው እወቂው። ከታችሽ ያሉትን ሰዎች ቡና ጥሪያቸውና ንገሪያቸው። ሴራሚክ ላይ የውሻ ጥፍር ሲራመድ ታች ይሰማል፤ ጥፍሯን ቁረጪ፣ ሳሎን ምንጣፍ አንጥፊ። ሙስሊም ጎረቤት ካለሽ ደረጃው ላይ ገመዱን ከወገብሽ አስጠግተሽ ያዢ፤ ምራቋ ልብሳቸውን ከነካ ለሶላት መታጠብና መለወጥ ሊኖርባቸው ነው። ሰው በርበሬ ባሰጣበት በኩል አትውሰጃት። ፌስታል ከኪስሽ አይጥፋ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ለእሷም አንድ ጀሪካን ለይተሽ አስቀምጪ።

ሩጫው ላይ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። 11 ሰዓት ጨለማ ነው። በእነዚያ ኮረብታዎች ጅብ አለ፣ ለጅብ ደግሞ ውሻ ምግቡ ነው። «ውሻዬ ትጠብቀኛለች» ብለሽ በጨለማ አትውጪ፤ ለእሷ ስትይ ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ላይ ውጪ። ቁርሷን ከሩጫ በፊት አትስጫት፤ ተመልሳ ትንፋሿ ሲረጋ ትብላ። በመጀመሪያው ወር ሁለት ደቂቃ መሮጥ፣ ሁለት ደቂቃ መራመድ ይበቃል። የሠፈር ውሾች ከመጡባችሁ አትሩጪ። ቁሚ፣ ዓይናቸው ላይ አታፍጪ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በይ። የእኛ አገር ውሻ ያንን ጎንበስ ማለት በደንብ ያውቀዋል።

ክረምት ሲገባ ጭቃው ሩጫውን ያሳጥረዋል። ያኔ ልጅሽን አሠሪው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ድርቆሽ ቆራርሶ ከሶፋ ሥር፣ ከጫማ መደርደሪያ ኋላ ይደብቅላት። ሃያ ደቂቃ በአፍንጫዋ ስትፈልግ ከሩጫ የማይተናነስ ድካም ትደክማለች። ዳማ ሐምሌንና ነሐሴን የምታሳልፈው በዚህ ነው።

ስለ ምግብ ሁለት ነገር ብቻ። የወጥ ትራፊ አትስጫት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። በበዓል እርድ ጊዜም ጥሬ ሳንባና ጉበት አትወርውሪላት፣ ሌላ ሰው ሲወረውርም ተከላከይ። በዚያ መንገድ ውሻ ሆድ ውስጥ የሚገባ የኮሶ ዘር ትል አለ። ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሯ ወደ ልጅሽ እጅ፣ ከእጁ ወደ አፉ ሊሄድ ይችላል። ሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚያበቅለው ይኸው ትል ነው። የትል መድኃኒቷን ሐኪም በሚነግርሽ ቀን ሳታሳልፊ ስጫት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቤት ሳትገባ ትውሰድ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። አንቺንም ሆነ ልጅሽን የማታውቁት ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ማደር የለም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጡረታ ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ልጄ ቤት እኖራለሁ። የልጅ ልጆቼ ውሻ ካልተገዛልን እያሉ ነው። እኔ ትንሽ ውሻ ይሻላል ባይ ነኝ፤ እንደ ጃንሆይ ሉሉ ያለች። ለአፓርታማ ትንሽ ውሻ አይቀልም?
ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ አባቴ፣ ሉሉ ቺዋዋ ነበረች፤ ያደገችውም ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ውሻ ትንሽ ስለሆነች ብቻ ብቻዋን መዋል አትችልም። ትንሽ ውሻ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ሊጮህ ይችላል። ከትናንሾቹ መካከል ደግሞ ጃክ ራሰል የሚባለው አይጥና ቀበሮ እንዲያሳድድ የተራባ ነው፤ ከትልልቆቹ ይበልጥ ዕረፍት የለውም። ሕፃን ሲያነሳው ከወደቀም አጥንቱ ቶሎ ይሰበራል።

ግን እርስዎ ቤት የሚውሉ መሆንዎ ትልቅ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ብዙው ችግር የለም። ጠዋትና ማታ ዱላዎን ይዘው በእግርዎ የሚወጡ ከሆነ፣ አምስት ስድስት ዓመት የሆናት የረጋች ውሻ ትሻልዎታለች፤ መጠኗ ብዙም አያስጨንቅዎት። ሊወስዷት ሲሄዱ ትንሹን የልጅ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ። እሱ ሲጮህ ምን እንደምታደርግ ከዳር ሆነው ይዩ። ሲመለሱም ይጻፉልኝ፤ ክትባቷን የት እንደሚያስጀምሩ አብረን እናያለን።