የሪቮ ባሌስትራ ለቪጎ ይሆናል ወይ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። የ2010 ሞዴል ቪጎ (የቀድሞው የቶዮታ ሃይሉክስ) ደብል ጋቢና ይዘሃል፣ ኋላው ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ውስጥ፣ ከሪቮ (ከቪጎ ቀጥሎ ከመጣው ሃይሉክስ) የወረደ ኦርጅናል ባሌስትራ (የኋላውን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) አግኝተህ «ያው ሃይሉክስ ነው፣ ይገባል» ተብለሃል። ቀብድ ካልከፈልክ አትክፈል።

ሪቮ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ቶዮታ ባሌስትራውን ከ1300 ወደ 1400 ሚሊ ሜትር አርዝሞታል። ሻንሲው ላይ የሚያያዝበት ቦታም ተቀይሯል። እንዲገባልህ ከተፈለገ ማንጠልጠያው ተቆርጦ ሌላ ቦታ መበየድ አለበት። «እናስተካክልልሃለን» የሚሉህ ይህንን ነው። ጭነት ይዘህ ቁልቁለት ስትወርድ አክስልህን የያዘው ያ ብየዳ ነው፤ አታስነካው።

የቪጎ ለቪጎ ግን አሪፍ ነው። እኔ ከነጠላ ጋቢና የወረደ አስገብቼ ዛሬም ሴራሚክ እጭንበታለሁ፣ ኋላው ንቅንቅ አላለም። ባዶውን ግን ያነጥራል። ጭነት የማትይዝ ከሆነ የደብል ጋቢና ፈልግ።

1. ሜትር ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ የራስህን ለካ። ከፊተኛው ቀለበት (ጫፉ ላይ ካለው ክብ ቀዳዳ) እስከ መሃል ቡሎኑ (ተደራራቢ ብረቶቹን አንድ ላይ እስከያዘው)፣ ከዚያ እስከ ኋለኛው ቀለበት። ሜትሩን በኩርባው ላይ አስተኛው እንጂ አየር ላይ አትወጥረው። የመሃል ቡሎኑ ጭንቅላት አክስሉ ላይ ያለች ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ቦታው ከተለየ ጎማህ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሸሻል። ሻጩ ሜትር ስታወጣ ፊቱን ያጠቁርብህ ይሆናል። ተወው፣ ገንዘቡ ያንተ ነው።

2. ጥንዱ ከአንድ መኪና የወረደ ይሁን። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ሲባጎ ወጥር፣ ከሲባጎው እስከ መሃል ቡሎኑ ለካ። ግራና ቀኙ ካልተቀራረበ መኪናህ አንድ ጎኗን ጥላ ትሄዳለች። አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ካየህ ደግሞ ተጠንቀቅ። ለእኔ መጀመሪያ ያመጡልኝ እንዲህ ያማረ ነበር። በሽቦ ብሩሽ ሳሸው፣ የመሃል ቡሎኑ ቀዳዳ ጥግ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብቅ አለች። «ትበየዳለች» አለኝ ሻጩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ! የባሌስትራ ብረት እሳት ከነካው ጥንካሬው ይሄዳል፣ እዚያው አጠገብ ይሰበራል። ጥዬለት ሄድኩ።

3. ዩ ቦልቱን፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረውን የ«U» ቅርጽ ቡሎን፣ አዲስ ግዛ። አንዴ የተጠበቀ ዩ ቦልት ተስቧል፣ ሁለተኛ አይታመንም። እዚህ ላይ ነው ጋራዡ ያቃጠለኝ። አዲሱን ገዝቼ ሰጠኋቸው፣ ዞር ስል አሮጌውን መልሰው አሰሩት። ስጠይቅ «መካኒኩ አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ተባልኩ። ከሁሉ የባሰው ግን መኪናው ክሪክ ላይ እንደተሰቀለ የቀለበቶቹን ቡሎን ሙሉ በሙሉ ማጥበቃቸው ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ሲጠብቅ በቀለበቶቹ ውስጥ ያለው ጎሚኒ (ላስቲኩ) በዚያው አቀማመጥ ይያዛል፤ መኪናው መሬት ሲወርድ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይቀራል። ብዙም ሳይቆይ በየኮብልስቶኑ ይጮህ ጀመር፣ ተቀደደም። ተመልሼ ስሄድ «ጎሚኒው ፎርጅድ ነው» አሉኝ። መርጠው የገዙት እኮ እነሱ ናቸው! ይቅርታ እንኳ የለም። የጎሚኒም የእጅም ሁለቴ ከፈልኩ።

ሌላ መካኒክ እዚያው ቆሜ እያየሁ ሠራልኝ። ዳዶዎቹን በእጁ ብቻ አስያዛቸው፣ መኪናውን አወረደ፣ ኋላውን ደጋግሞ ጫን ጫን አደረገ፣ ከዚያ አጠበቀ። ድምፅ የሚባል ጠፋ። ስለዚህ «ማታ መጥተህ ውሰድ» ለሚልህ ጋራዥ ቁልፍ አትስጥ።

ፍሬኑንም እንዳትረሳ። መኪናህ ላይ ካለ፣ ከኋላ አክስሉ ወደ ሻንሲው የምትወጣ ቀጭን ዘንግ ታገኛለህ። በጭነቱ ልክ ለኋላ ጎማ ፍሬን የምታከፋፍል ናት። ኋላው ከፍ ሲል መኪናው ባዶ ይመስላትና የኋላ ፍሬን ትቀንሳለች። ዘንጓን አስተካክልልኝ በል፣ ካላልክ ማንም አይነካትም። ከዚያ ጭነህ በቸርችል ወደ ፒያሳ ውጣ፣ ቀስ ብለህ ወደ ለገሃር ስትወርድ ፍሬኑን ሞክረው። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዳ ዩ ቦልቱን አስጠብቀው።

ልኬትህን እዚሁ ጻፍልኝና ከእኔው ጋር ላስተያየው። ሶማሌ ተራ ደግሞ ጠዋት ሂድ፤ ስንጥቅ በደንብ የሚታየው በብርሃን ነው።