በሬው መኖ አልበላ ሲል የሰው ክኒን ይሰጠዋል?

ከኮምቦልቻ ዙሪያ አንድ አርሶ አደር እንዲህ ሲሉ ይጠይቃሉ፦ ለዐረፋ የማደልበው በሬ ቶሎ እንዲሰባ ብዬ የተፈጨ በቆሎ ጨመርሁለት። ከማግስቱ ጀምሮ መኖ አልቀምስ ካለ ሁለት ቀን ሆነው። ጎረቤቴ «ልጄን ያወፈራት ነው» ብሎ ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባል ክኒን ሰጠኝ። በጥብጬ ላጠጣው?

አያጠጡት፣ ወንድሜ። ክኒኑ ከንቱ ሆኖ አይደለም። ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር በአብዛኛው የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው፤ አንጎል ውስጥ ያለው ጥቂቱ ግን «ጠግበሃል» የሚል መልእክት ያደርሳል። ፌንፍሉራሚን የተባለው መድኃኒት ይህን መልእክት እያጎላ ሰው ያከሳ ነበር፤ የልብ ቫልቭ በመጉዳቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ከገበያ ወጣ። ሳይፕሮሄፕታዲን በተቃራኒው መልእክቱን ያግዳል፤ የእንስሳት ሐኪሞችም ምግብ ለጠላች ድመት ያዙታል። ድመት ግን አታመሰኳም።

የእርስዎ በሬ የታመመው ጨጓራው ይመስለኛል። እዚያ ውስጥ ገለባና ሣር የሚያብላሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። እህል ድንገት ሲበዛ አሲድ ይፈጠራል፤ ጨጓራውም መንቀሳቀስ ያቆማል። እንዲህ ያለውን በሬ በክኒን አስርቦ ማስበላት በቆመ ወፍጮ ላይ እህል መጨመር ነው።

ከበሬው በስተግራ ቆመው፣ ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጭብጥዎን ጫን አድርገው ይያዙ። የጤነኛ በሬ ጨጓራ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ እጅዎን ይገፋዋል። የማይገፋ ከሆነ፣ ፋንድያውም ቀጥኖ ኮምጣጣ ከሸተተ፣ በቆሎውን አንስተው ደረቅ ድርቆሽ ብቻ ያቅርቡለት። ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰዱት፤ ሁለት ቀን ቀላል ጊዜ አይደለም። ከተማ ገብቶ ይግጥ ከነበረም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የዋጠው ፌስታል ከሆነ ከቀዶ ሕክምና በቀር የሚያወጣው የለም።

ደግሞስ ሥጋውን ማን ሊበላው ነው? ይህ ክኒን ለእርድ ከብት ስላልተዘጋጀ፣ ከሰጡት በኋላ ስንት ቀን ቆይተው ማረድ እንዳለብዎ የተወሰነ ነገር የለም። ለጎረቤትዎ ይመልሱለት፤ ልጅቱም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምትወስደው ከሆነ ታቁም፣ እንቅልፍ ያበዛል።

በሬው ካገገመ በኋላ እህሉን በአንድ እፍኝ ይጀምሩና በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ ያሳድጉለት። ዐረፋ ቢቀርብም አይቸኩሉ።