ምሳ የሚሆን ሰላጣ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሰላጣና በቤት ስለሚሠራ ድሬሲንግ (ሰላጣ የሚለወስበት ማጣፈጫ) የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች እነዚህን መለስኩ።

ጥያቄ፦ ሰላጣ ከበላሁ ብዙም ሳልቆይ ይርበኛል። ምን ይሻለኛል?

ቅጠል አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ብቻውን ሆድ አይዝም። የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ምስር፣ እንቁላል፣ ቱና ወይም ዶሮ ጨምሩበት። ድንች፣ ሩዝ ወይም ፓስታም ይግባ። እኔ ለአንድ ሰው ሁለት እፍኝ ቅጠል፣ ግማሽ ኩባያ ሽምብራ፣ አንድ እንቁላልና አንድ መካከለኛ ድንች አደርጋለሁ። ሌላ ምግብ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ድሬሲንግ ስሠራ ዘይቱ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። እንዴት ይዋሃዳል?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት፤ የሰላጣው ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘይትና ሎሚን የሚያስታርቃቸው ሰናፍጭ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተዘጋጀ ሰናፍጭ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ያዙ።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ጨው ዘይት ውስጥ ስለማይሟሟ መጀመሪያ ሎሚው ውስጥ ይሟሟ። አለዚያ አንዱ ጉርሻ ጨው ይበዛበታል፣ ሌላው አልጫ ይሆናል። ከዚያ ሰናፍጩን ጨምሩ፤ ዘይቱን በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ በሹካ ምቱት። መጀመሪያ ዘይቱ ለብቻው ክብ ክብ እየሠራ ይታያል። ቀስ በቀስ ይደፈርስና ወፈር ይላል። የማንኪያው ጀርባ ላይ ሲለጠፍ ደርሷል። እጃችሁ ከደከመ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ከታችሁ ናጡት።

ስትቀምሱ ቅጠል ነክራችሁ ቅመሱ። በማንኪያ ሲቀመስ የኮመጠጠው ቅጠል ላይ ልክ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሰናፍጭ ከሌለኝስ?

ትንሽ ማር ወይም እርጎ ይሠራል። የእርጎው ለድንችና ለዶሮ ይስማማል።

ጥያቄ፦ ሰላጣዬ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ከሥሩም ውሃ ያቁራል።

ቅጠሉ አልደረቀም ማለት ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ ዘይት አይዝም። ታጥቦ ሲያበቃ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አድርቁት። ድሬሲንጉንም ልትበሉ ስትሉ ብቻ ጨምሩ፤ ጨው ከቅጠሉ ውሃ ያወጣል። ጥቅል ጎመን ግን ሌላ ነው። በስሱ ተከትፎ በጨው ታሽቶ 15 ደቂቃ ቢቆይ ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣል።

ጥያቄ፦ ድንቹ ለምን ጣዕም አይኖረውም?

ቀዝቅዞ ስለሚለወስ ነው። ትኩስ እያለ የድሬሲንጉን ከፊል አፍሱበት፤ ወደ ውስጥ ይመጠዋል።

ጥያቄ፦ ጥሬ ሽንኩርት ይበረታብኛል።

በስሱ ቆርጣችሁ 10 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆዩት።

ጥያቄ፦ ድሬሲንግ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ቢቀመጥ ችግር አለው?

አዎ፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘይት ውስጥ የገባ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ከፍሪጅ ውጭ ከቆየ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን በምትበሉበት ቀን ጨምሩ። ነጭ ሽንኩርት ያልገባበትን ድሬሲንግ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። የወይራ ዘይቱ ከረጋ ትንሽ ውጭ አቆይታችሁ እንደገና ናጡት።

ጥያቄ፦ በሽምብራ ፋንታ ቀይ ቦሎቄ ይሆናል?

ይሆናል፤ ግን በደንብ ይብሰል። ያልበሰለው ያስመልሳል፣ ሆድም ያውካል። አሳድራችሁ ንከሩት፣ ውሃውን ድፉና በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያም እስኪለሰልስ ቀቅሉት። በቆርቆሮ የታሸገው በስሎ ስለሚመጣ አጥቦ መጨመር ብቻ ነው።