አባቴ በ68 ዓመታቸው ጌም ጀመሩ፤ ላስቆማቸው ይገባል?

ጥያቄ

ለተከበራችሁ የዚህ አምድ አዘጋጆች፣

በጅማ ከተማ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምጽፍላችሁ ጉዳይ ለሌላው ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እኛን ግን ከወንድሜና ከአጎቴ ጋር እስከ መቀያየም አድርሶናል። አባቴ 68 ዓመታቸው ሲሆን በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በመጨረሻም እዚሁ ጅማ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ ተገልለዋል። እናታችን ከሞተች በኋላ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ወደ እኔ ቤት አመጣኋቸው።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ባለ ጊዜ የ13 ዓመቱ ልጄ ባለቤቴ በገዛለት አሮጌ ፕሌይስቴሽን ላይ የእግር ኳስ ጌም አስተማራቸው። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጎን ለጎን ይቀመጡና አንዳንድ ቀን እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ይጫወታሉ። አባቴ የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው በርጩማቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋሉ። ለዚሁ ብቻ የያዙት ደብተርም አላቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በማውቀው የመምህር ጽሕፈታቸው «መስቀል፦ በአጭሩ ማቀበል። ክብ፦ ወደ ግብ መምታት። ሦስት ማዕዘን፦ በተከላካዮች መካከል ማሾለክ። አራት ማዕዘን፦ ማሻማት» ብለው ጽፈው ከሥሩ በቀይ አስምረውበታል። ልጄ አምስት ለዜሮ ሲያሸንፋቸው ምንም አይናገሩም፤ በማግስቱ እሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ግን ብቻቸውን ቁጭ ብለው ይለማመዳሉ።

በዚህ ምክንያት የእድር ስብሰባ ሁለት ጊዜ ቀርተዋል። ከሰዓት በኋላ አብረዋቸው ቡና የሚጠጡ ጓደኞቻቸውም «ታመው ነው እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ወንድሜ ከአዲስ አበባ እየደወለ «ይህ ሱስ ነው፤ ማሽኑን ደብቂው» ይለኛል። አጎቴ ደግሞ «በዚህ ሽበት ከልጅ ጋር ጌም? ሰው ምን ይላል?» እያሉ ያሸማቅቁኛል። የደም ግፊት ስላለባቸው ጤናቸውም ያሳስበኛል። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን በቅርቡ ከስልካቸው ላይ «ተጫውተው ገንዘብ ያሸንፉ» የሚል ማስታወቂያ አሳይተውኝ በቴሌብር እንዴት እንደሚከፈል መጠየቃቸው ነው። ልጄን በምቆጣበት አንደበት አባቴን መናገር አልፈልግም። ምን ባደርግ ይሻላል?

ዘ. ነ.፣ ከጅማ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ማሽኑን አይደብቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው የሚወዱትን ነገር በገዛ ልጃቸው ቤት ተሸሽጎባቸው ቢያገኙት የሚሰማቸው ውርደት፣ ጌሙ ያደርስባቸዋል ተብሎ ከሚፈራው ጉዳት ይብሳል። በልጅ ላይ ገደብ መጣል የወላጅ ሥልጣን ነው፤ በአባት ላይ ያለን መብት ግን ማማከር፣ መለመን፣ ቢያስፈልግም ሽማግሌ መላክ ነው። ይህን እርስዎም እንደሚያውቁት ደብዳቤዎን የዘጉበት ቃል ይመሰክራል።

በመጀመሪያ ወንድምዎ የተጠቀሙበትን «ሱስ» የሚለውን ቃል እንመልከት፤ ቃሉ ከባድ ስለሆነ በግምት ሊነገር አይገባውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጌም ጋር የተያያዘውን የጤና እክል እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ አካቶታል። እንደ ምደባው ከሆነ ሦስት ነገሮች አብረው መታየት አለባቸው፤ ሰውየው መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳት እየደረሰበት መሆኑን እያየም ሲቀጥልበት። ይህም ሁኔታ በአብዛኛው ቢያንስ ለ12 ወራት የዘለቀና የቤተሰብ፣ የማኅበራዊ ወይም የሥራ ሕይወቱን በከፍተኛ ደረጃ ያናጋ መሆን ይኖርበታል። ባለፈው ክረምት የጀመሩት፣ ሶላታቸውን ሰግደው የሚቀመጡት፣ ሲሸነፉም በዝምታ የሚቀበሉት አባትዎ ይህን መለኪያ አያሟሉም። ሆኖም ሁለቱ የእድር ስብሰባዎች መቅረታቸውን በቀላሉ አናየውም፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ደብዳቤዎን ደጋግመን ስናነበው አንድ ነገር አስተዋልን። ወንድምዎ ይናገራሉ፣ አጎትዎ ይናገራሉ፣ የቡና ጓደኞቻቸው ይናገራሉ፤ አባትዎ ግን ስለዚህ ጉዳይ የተናገሩት አንድም ቃል በደብዳቤው ውስጥ የለም። የእሳቸው ድምፅ የሚሰማው በዚያ ደብተር ላይ ብቻ ነው። እንደምናየው ከሆነ ደብተሩ ብዙ ይናገራል። ሚስታቸውን በሞት፣ የማስተማር ሥራቸውን በጡረታ፣ የራሳቸውን ቤት ደግሞ ወደ እርስዎ በመምጣታቸው የተሰናበቱ ሰው፣ ገና ከሥሩ ሊማሩት የሚገባ አዲስ ነገር አግኝተዋል። አዲስ ነገር ሲገጥማቸውም ዕድሜ ልካቸውን ተማሪዎቻቸውን ሲመክሩ እንደኖሩት ደብተር ገዝተው፣ ጽፈው፣ አስምረው እየተማሩት ነው። አምስት ለዜሮ ተሸንፎ በማግስቱ ለልምምድ መቀመጥ አእምሮው የዛለበት ሰው የሚያደርገው ነገር አይደለም።

ከዚህም የሚበልጠው በልጅዎ በኩል ያለው ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከአዋቂ ጋር መቀመጥን ሸሽቶ ስልኩ ውስጥ ይገባል። የእርስዎ ልጅ በየማታው ከአያቱ ጎን ይቀመጣል፤ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ተማሪ የሆነው ልጅ እዚህ አስተማሪ ነው፤ የሚያስተምረውም መምህር የነበሩትን ሰው ነው። ለአያቱ ያለው ክብር በዚህ ይቀንሳል ብለው አይሥጉ። ታላቅ ሰው ከታናሹ ለመማር ሳያፍር ሲቀመጥ ማየት ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚወጣ ትልቅ ትምህርት ነው። በየጨዋታው መካከልም ስለ አጋሮ፣ ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው፣ ስለ ሟቿ አያቱም ጥቂት ጥቂት ወሬ መነሣቱ አይቀርም፤ አንድ ምሽት ሥራዎን ትተው አጠገባቸው ቁጭ ብለው ያዳምጡ።

የአጎትዎ «ሰው ምን ይላል» የሚለው ሥጋት ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናምናለን፤ ነገር ግን አገራችን ሽማግሌ ጨዋታ እንዳይጫወት የከለከለችበት ጊዜ የለም። ሰንጠረዥ የተባለው የአገራችን ቼዝ የመኳንንትና የመሳፍንት ጨዋታ ነበር፤ ገበጣን ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ሲጫወቱ ማየትም ብርቅ አልነበረም፤ ዛሬም ጡረተኞች ዳማና ዶሚኖ ሲጫወቱ ቢውሉ ማንም ነውር ነው አይልም። የቪዲዮ ጌምም ቢሆን እንደሚታሰበው የትናንት ነገር አይደለም። ፖንግ የተባለው የጠረጴዛ ቴኒስ ጌም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972፣ አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ውስጥ ቴትሪስን የፈጠረው ደግሞ በ1984 ነው። በወጣትነታቸው ያን የተጫወቱ የሌላ አገር ሰዎች ዛሬ እንደ አባትዎ አያቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930 የተወለዱት ጃፓናዊቷ ሀማኮ ሞሪ ጌም የጀመሩት 50 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው፤ የጌም ቪዲዮዎቻቸውን በዩቲዩብ በማቅረብም በ90 ዓመታቸው በጊነስ የዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ ላይ ስማቸው ሰፍሯል። አባትዎን ከሌላው የሚለያቸው ጌሙ የደረሳቸው በ68 ዓመታቸው መሆኑ ብቻ ነው።

ጌም ለአእምሮ ይጠቅማል ስለሚባለው ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እንመክራለን። እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ፣ በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት አለ። ከ60 እስከ 85 ዓመት የሆናቸው ሰዎች መኪና እየነዱ ምልክት የሚለዩበትን ጌም በአንድ ወር ውስጥ በድምሩ ለ12 ሰዓታት ከተጫወቱ በኋላ፣ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ የማከናወን ችሎታቸው ተሻሽሎ ለውጡ ከስድስት ወር በኋላም ታይቷል። ያ ጌም ግን ለምርምሩ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ውጤቱን እንዳለ ወስደን ለእግር ኳስ ጌም መስጠት አንችልም። «የማስታወስ ችሎታን እናድሳለን» እያሉ የሚሸጡ ጌሞችንም ቶሎ አይመኑ፤ ሉሞሲቲ የተባለውን የሚያቀርበው ኩባንያ ማስታወቂያው በቂ ማስረጃ የለውም ተብሎ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከተከሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። አባትዎ ደስ ስላላቸው ቢጫወቱ በቂ ምክንያት ነው።

ወደ ጤናቸው እንምጣ። የማንበቢያ መነጽር የሚሠራው መጽሐፍ ለሚያዝበት ርቀት፣ ማለትም ለ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በእሱ ቴሌቪዥን ሲያዩ ምስሉ ስለሚደበዝዝ ሰውየው ሳያስበው እየተጠጋ ይሄዳል። አባትዎ በርጩማውን የሚያስጠጉት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ መነጽሩን አውልቀው ራቅ ብለው ይሞክሩት። ካልተሻለ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል ቢታዩ መልካም ነው፤ በዚህ ዕድሜ የዓይን ሞራና ግላኮማ የተባለው የዓይን ነርቭ በሽታም አብረው መመርመር አለባቸው። በርጩማውም መደገፊያ ባለው ወንበር ይተካ። አንድ ግጥሚያ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ በየግጥሚያው መጨረሻ ተነሥተው ወደ በረንዳ ይውጡና ወደ ጅሬን ኮረብታ አሻግረው ይመልከቱ፤ ዓይንም እግርም ያርፋል። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ሰዓት ከጨዋታው በፊት እንዲሆን ያድርጉ። የደረት ሕመም ወይም የራስ ማዞር ከተሰማቸው ግን ጌሙ ምክንያት ሆነ አልሆነ ሳይባል ሐኪም ዘንድ መሄድ ይኖርባቸዋል። እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት መቆየቱ ለእሳቸውም፣ በማግስቱ ትምህርት ላለው ልጅም ስለማይበጅ ማቆሚያውን በግጥሚያ ብዛት ይስማሙ፤ ጨዋታው መሐል ላይ ተቋርጦ «በቃ» ከማለት «ይህ የመጨረሻው ነው» ማለት ይቀላል።

በገንዘቡ ጉዳይ ግን ፈጽሞ መለሳለስ አይገባም። «ተጫውተው ያሸንፉ» የሚለው ማስታወቂያ ጌም ቢመስልም ውርርድ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ገንዘብ ወይም ቦነስ ያቀምሳል፤ ስሌቱ ግን በረጅሙ ሲታይ አጫዋቹ ድርጅት እንዲያተርፍ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ልምምድም ብልሃትም አይለውጠውም። አባትዎ የሒሳብ ነገር የሚገባቸው ሰው ስለሆኑ ይህንኑ በግልጽ ያስረዷቸው። የቴሌብር የምሥጢር ቁጥራቸውን ለማንም እንዳይሰጡ፣ «አሸንፈዋል፤ ለማስተላለፊያ ይህን ያህል ይክፈሉ» የሚል መልእክትም ማጭበርበር መሆኑን ይንገሯቸው። በነጻ የሚጫኑ የስልክ ጌሞች ገቢያቸው ብዙውን ጊዜ ከማስታወቂያ ስለሆነ፣ በሚጫወቱበት ጊዜ ዳታውን ማጥፋት አብዛኛውን ያስቀረዋል። በስልክ መጫወት ከወደዱ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ኩባንያ ያዘጋጀውን ገበጣ ልጅዎ ይጫንላቸው፤ እዚያ ላይ ምናልባት አስተማሪው አያቱ ይሆናሉ።

ልጅዎንም አንድ ነገር ይጠይቁልን። ሁለቱ በአንድ ቡድን ተሰልፈው ከማሽኑ ጋር መጋጠም ይችላሉ፤ ሁለቱም ጆይስቲኮች ወደ አንድ ወገን እንዲሆኑ ማድረግ ብቻ ነው። የጨዋታውን ፍጥነት ዝግ ማድረግና ደረጃውን ዝቅ ማድረግም ይቻላል። አባትዎ ሁልጊዜ አምስት ለዜሮ ከመሸነፍ ለልጅ ልጃቸው ኳስ አቀብለው ግብ ሲያስቆጥር ማየት ይችላሉ።

አሁን ወደ እድሩ እንመለስ። እድር የሚቀር ሰው ቀስ በቀስ ከሰው ይርቃል፤ ሚስቱን ላጣ ሰው ደግሞ ይህ ከማንኛውም ጌም የበለጠ አደጋ ነው። ቀን ላይ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ልጁ ትምህርት ቤት በሄደበት ሰዓት ያነጋግሯቸው። ስለ ማሽኑ ሳያነሡ ስለ ስብሰባው ብቻ ይጠይቋቸው፤ ምናልባት የቀሩበት ምክንያት ጌሙ ላይሆን ይችላል፤ እናትዎ የተቀበሩበትን ቀን የሚያስታውሳቸው ነገር እዚያ ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ ጌሙ ከሆነ ደግሞ የስብሰባው ቀን ሲደርስ ልጅዎ «አባባ፣ ዛሬ እድር አለ፤ ማታ ስትመጡ እንጫወታለን» ቢላቸው ከእርስዎም ከወንድምዎም ቃል ይልቅ ይሰማል። ወንድምዎ በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውሉ ስልኩን ለአባትዎ ይስጡ፤ ወንድምዎ ራሳቸው በቀጥታ ይጠይቋቸው።

ይህን ሁሉ ሞክረውም እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መተው፣ ከሰው መሸሽ ወይም ሶላትን ማሳለፍ ከታየ፣ ጌሙን ከመክሰስዎ በፊት ሐዘን ወይም ድባቴ እንዳይሆን በዚያው ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አብረዋቸው ይሂዱ።