ከ35 ዓመት በኋላ ሲጋራ ማቆም ምን ይጠቅመኛል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ የ56 ዓመት ሰው ነኝ። የከባድ መኪና ሹፌር ስሆን በአዲስ አበባና በጂቡቲ መካከል ስመላለስ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሲጋራ የጀመርኩት በ21 ዓመቴ፣ ረዳት ሆኜ ስሠራ ነው። አሁን በቀን አንድ ፓኮ አጨሳለሁ፤ እንቅልፍ ለመከላከል ጫት በቃምኩበት ቀን ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ጠዋት ጠዋት አክታ ያለው ሳል ከያዘኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጎማ ለመፍታት ጎንበስ ስል እንኳ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጂቡቲ ስደርስ ቀለል ይለኛል፣ አዲስ አበባ ስመለስ ይብስብኛል። አክታዬ ተመርምሮ ቲቢ የለም ተባልኩ። በመሣሪያ ካስነፉኝ በኋላ ግን ሲ.ኦ.ፒ.ዲ. የሚባል ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ እንዳለብኝ፣ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የማወጣውም አየር አንድ ሊትር ተኩል ብቻ እንደሆነ ነገሩኝና ሲጋራውን አቁም አሉኝ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሰውነትህ ለምዶታል፣ ድንገት ብታቆም ትሞታለህ» ይሉኛል። እኔም ሳንባዬ ከተበላሸ በኋላ ማቆሙ ምን ይፈይዳል እላለሁ። የታዘዘልኝን ፓፍም (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) ልማድ ይሆንብኛል ብዬ አልጀመርኩትም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከምርመራው ውጤት ይልቅ ያሳሰበኝ «ከተበላሸ በኋላ» ያሉት ነው፤ ይህ በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ማጨሱን የሚቀጥሉት በዚሁ ሐሳብ ተይዘው ነውና። ሳንባዎ የተጎዳው በከፊል ነው፤ የቀረው ክፍል ዛሬም እየሠራልዎ ነው፤ የምንነጋገረውም ስለዚህ ስለቀረው ነው።

በሽታው ሁለት መልክ አለው፤ በአብዛኛው አጫሽ ላይም ሁለቱ አብረው ይገኛሉ። አንደኛው የአየር ቧንቧዎች ዘወትር መቆጣትና ማበጥ ነው። የቧንቧዎቹን ውስጠኛ ግድግዳ የሸፈኑ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አቧራንና አክታን ወደ ላይ እየጠረጉ ያወጣሉ፤ የሲጋራ ጭስ ግን ያሽመደምዳቸዋል፤ አክታው ሌሊቱን ተጠራቅሞ ጠዋት በሳል የሚወጣውም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው በቧንቧዎቹ ጫፍ ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዙት፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩት የአየር ከረጢቶች ግድግዳ እየሳሳ መፍረስ ነው። ከረጢቶቹ ሲፈርሱ ሳንባ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ የመሰብሰብ ችሎታው ይቀንሳል። ሕመምተኛው «አየር አልገባልኝ አለ» ቢልም ዋናው ችግር የገባው አየር አልወጣም ማለቱ ነው፤ አሮጌው አየር ሳይወጣ ለአዲሱ ቦታ አይኖርም።

አፍንጫዎን በመቆንጠጫ ይዘው፣ ደረትዎ እስኪሞላ አየር አስገብተው፣ ከዚያም ባለ በሌለ ኃይልዎ ለበርካታ ሰከንዶች እንዲነፉ ያደረጉዎት ይህን ለመለካት ነው። መሣሪያው ስፓይሮሜትር ይባላል። ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ከተወሰደ በኋላም በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚወጣው አየር ከጠቅላላው 70 በመቶ በታች ከሆነ የቧንቧዎቹ መጥበብ ይረጋገጣል። የእርስዎ አንድ ሊትር ተኩል፣ እንደ ቁመትዎ ቢለያይም፣ በዕድሜዎ ካለ ጤነኛ ወንድ ከሚጠበቀው ግማሽ ያህል ነው። በጂቡቲና በአዲስ አበባ መካከል ያስተዋሉት ልዩነትም እውነት ነው። ጂቡቲ በባሕር ዳርቻ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያንሳል። ጤነኛ ሳንባ ይህን ጉድለት ያካክሳል፤ መጠባበቂያውን ያሟጠጠ ሳንባ ግን ይቸገራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። የፈረሰ ከረጢት ተመልሶ እንደማይገነባ ልደብቅዎ አልፈልግም። ነገር ግን የማንኛውም ሰው የሳንባ አቅም ከጎልማሳነት ጀምሮ በየዓመቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ሲጋራ የሚያደርገው ቁልቁለቱን ማፍጠን ነው። ፍሬን መያዝ የወረዱትን መንገድ እንደማይመልስ፣ ያም ሆኖ ቁልቁለት ላይ ከፍሬን የሚበልጥ ነገር እንደሌለ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። በአሜሪካና በካናዳ በሽታው የጀመራቸውን 5,887 አጫሾች ይዞ የተነሳ አንድ ትልቅ ጥናት ከ11 ዓመት በኋላ ሲመዝን፣ ከመጀመሪያው ያቆሙት ወንዶች በዓመት 30 ሚሊ ሊትር ያህል አቅም ሲያጡ፣ ማጨሱን የቀጠሉት ግን 66 ሚሊ ሊትር ያህል ያጡ ነበር። በ10 ዓመት ሲታሰብ ልዩነቱ 360 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ተኩል ለቀረው ሰው ይህ የጠቅላላው ሩብ ገደማ ነው፤ ደረጃ ወጥቶ ቤቱ በሚገባና ደረጃው መሐል ላይ በሚቀመጥ ሰው መካከል ያለ ልዩነት ነው። በዚህ በሽታ ከምናዝዛቸው የፓፍ መድኃኒቶች መካከል ይህን ያህል ቁልቁለቱን እንደሚያበርድ የተረጋገጠ የለም።

ዕድሜን በተመለከተ፣ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ዶል እና ባልደረቦቻቸው የብሪታንያን ሐኪሞች ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ50 ዓመት ተከታትለዋል። በ50 ዓመታቸው ያቆሙት ካላቆሙት ይልቅ 6 ዓመት ያህል፣ በ60 ያቆሙት እንኳ 3 ዓመት ያህል ዕድሜ አትርፈዋል። እርስዎ በሁለቱ መካከል ነዎት።

ድንገት ማቆም ይገድላል የሚለው እውነት አይደለም። ወሬው ከየት እንደሚመጣ ግን ይገባኛል፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው ከታመመ በኋላ ስለሆነ፣ ሲሞት የሚወቀሰው ማቆሙ እንጂ ለዓመታት ያጨሰው አይደለም። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው አልኮልን በአንድ ጊዜ ቢተው ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል፤ ኒኮቲን ግን እንዲህ አይደለም። እንዲያውም በ2016 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በ697 አጫሾች ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት፣ ቀን ቆርጠው በአንድ ጊዜ ያቆሙት ቀስ በቀስ ከቀነሱት በተሻለ ሁኔታ እንደጸኑ አሳይቷል። ሐራራው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይጠናል፣ በሳምንታት ውስጥም እየላላ ይሄዳል። ቁጣ፣ የእንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መጨመር ይጠብቁ። የተሽመደመዱት ፀጉሮች መጥረግ ሲጀምሩ ሳሉ ለጥቂት ሳምንታት ሊብስ ይችላል፤ በዚህ ደንግጠው ወደ ሲጋራው እንዳይመለሱ አደራ እልዎታለሁ።

የሚያቆሙበትን ቀን ከጉዞ ውጭ በሆኑበት ሳምንት ያድርጉት፤ አስቀድመውም ከጋቢናው ውስጥ መተርኮሻውን፣ ላይተሩንና የተረፈውን ፓኮ ያውጡ። አምሮቱ ሲመጣ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ውኃ ይጠጡ፣ ከመኪናው ወርደው ይራመዱ። ትልቁ ፈተናዎ ጫቱ ይመስለኛል። በምርቃና ላይ ሆኖ የቀረበን ሲጋራ እምቢ ማለት እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት በርጫ ላይ አይቀመጡ፤ እንቅልፍ ሲመጣም መኪናውን አቁሞ መተኛት እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም። ሺሻም ምትክ አይሆንም፣ ጭሱ በውኃ ውስጥ ስላለፈ አይጣራም። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር፣ እንዲሁም ቡፕሮፒዮን እና ቫሬኒክሊን የተባሉት እንክብሎች የመሳካት ዕድልን ይጨምራሉ። በየፋርማሲው ሁልጊዜ ባይገኙም ሐኪምዎን ይጠይቁ።

አክታዎ ደም ከቀላቀለ፣ ያለ ምክንያት ክብደትዎ ከቀነሰ፣ ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ አንድ ጊዜ ከቲቢ ነጻ መባል ለዘለዓለም ነጻ መሆን አይደለም፣ የሳንባ ካንሰርም በአጫሾች ዘንድ ሁልጊዜ መታሰብ አለበት።

ፓፉ ሱስ አያስይዝም። የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የታሰረውን አየር የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፤ ደጋግመው ቢፈልጉት በሽታው ስለቀጠለ እንጂ ስለለመዱት አይደለም። ብዙ ሰው ግን አጠቃቀሙን ስለሚስት መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ግማሽ ሊትር በሚይዝ ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጥ ላይ ለፓፉ አፍ ልክ የሆነ ቀዳዳ ያበጁና ፓፉን በዚያ ይሰኩት። አናውጠው፣ አየርዎን አስወጥተው፣ የጠርሙሱን አፍ በከንፈርዎ ገጥመው አንዴ ይጫኑት፤ ከዚያ በዝግታ ስበው ትንፋሽዎን እስከ 10 ሰከንድ ይያዙ። በአፋር ሙቀት ዳሽቦርድ ላይ አይተዉት፤ በጥላ ያስቀምጡት። በሚቀጥለው ቀጠሮዎም ፓፉንና ጠርሙሱን ይዘው ሄደው ነርሷ ፊት አንዴ ሲስቡ ያሳዩ።