ሙቀት ይከማቻል፤ ዲግሪስ?

ጥያቄ፦ ለኤሌክትሪክ ሞተር ጥገና ሠራተኞች የተዘጋጀ መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳለ «በሞተሩ ውስጥ 120 ዲግሪ ሙቀት ተከማችቷል» ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ሙቀት በዲግሪ አይከማችም» ሲሉ አረሙኝ። ማናችን ነን ትክክል? «ጋለ» ብልስ ይሻል ነበር?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክል ናቸው፤ ይሁን እንጂ ስሕተቱ «ተከማቸ» ከሚለው ግሥ ሳይሆን ከ«ዲግሪ» ጋር ከመጣመሩ የመጣ ነው። እህል በጎተራ የሚከማቸው የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ ነው፤ በኢንደክሽን ሞተር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። በመዳብ ጥቅልሎቹ ውስጥ የሚመነጨው ሙቀት በኤሌክትሪክ ፍሰቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ሞተሩ ሲነሣ ከመደበኛው 6 እጥፍ ፍሰት ቢስብ በጥቅልሎቹ ውስጥ 36 እጥፍ ሙቀት ይፈጠራል፤ ይህም በጥቂት ሰከንዶች ወደ አየር ሊወጣ ስለማይችል አብዛኛው በመዳቡና በብረቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ «ሙቀት ተከማቸ» ማለት ያማረና ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ መለኪያው ግን ጁል የተባለው የጉልበት (ኢነርጂ) መለኪያ ነው።

ዲግሪ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። የአየር ጠባይ ዘገባ «የሙቀት መጠን» ይለዋል፤ ይህ አጠራር ለዕለት ተዕለት ንግግር ቢበቃም ለእርስዎ መመሪያ አይመችም፤ ምክንያቱም ቃል በቃል ሲወሰድ የሚያመለክተው ምን ያህል ሙቀት እንዳለ፣ ማለትም ያንኑ በጁል የሚለካውን ብዛት ነው። «መጠነ ሙቀት» የሚለው ጥምር በአንድ ቃልነት ስለጸና ለዲግሪው ብቻ ቢለይ እመርጣለሁ። መጠነ ሙቀት ይጨምራል፣ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል እንጂ አይከማችም። ዓረፍተ ነገርዎን «በሞተሩ ውስጥ ሙቀት በመከማቸቱ የጥቅልሎቹ መጠነ ሙቀት 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል» ብለው ቢያቃኑት ምክንያቱና ውጤቱ ይለያሉ።

«ጋለ»ን በተመለከተ፣ አማርኛ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው፤ ይህን ሀብት ብናባክነው ያሳዝነኛል። በሥራ ላይ ያለ ሞተር ሁሉ ይሞቃል፤ ይህ ጤናማ ነው። «ጋለ» ግን ለምጣድና ለብረት የምንለው የበረታ ቃል ስለሆነ፣ ከተፈቀደው ወሰን ላለፈ ሙቀት ቢጠበቅ መልካም ነው። ኤፍ በሚባለው የኢንሱሌሽን (የጥቅልሎቹን ሽቦ የሚሸፍነው የኤሌክትሪክ ማገጃ) ደረጃ ወሰኑ 155 ዲግሪ በመሆኑ፣ የእርስዎ ባለ 120 ዲግሪ ሞተር በዚህ ደረጃ የተሠራ ከሆነ ሞቋል እንጂ አልጋለም። «ተቃጠለ» ደግሞ ኢንሱሌሽኑ ተበላሽቶ ሞተሩ እንደገና መጠቅለል ሲያስፈልገው የሚባል ነው።

መመሪያው ስለ «ግምት» የሚናገርበት ክፍል ካለው ቃሉን አይሽሹት። ግምት የይሆናል ንግግር ብቻ አይደለም፤ ቤት የሚገምት ባለሙያም የሚነሣው ከልኬት ነው። መዳብ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም ልኩ ስለሚያድግ፣ የአንድ ጥቅልል መቋቋም በ25 ዲግሪ ከነበረው 30 በመቶ ጨምሮ ቢገኝ፣ አማካይ መጠነ ሙቀቱ ወደ 103 ዲግሪ እንደደረሰ በስሌት ይታወቃል። ይህን «የተገመተ መጠነ ሙቀት» ይበሉት፤ በቴርሞሜትር የተነበበውን ደግሞ «የተለካ» ይበሉት።