ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት፦ የቆየ ላንድክሩዘር ላላችሁ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። «ላንድክሩዘሬ ደከመ፣ ሞተሩን ላሳድሰው?» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት ዋን ኤች ዜድ ሞተር ያለበት ሃርድቶፕ ወይም ፒክአፕ ነው። 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር። በያዝኩት ዕድሜ ሁሉ እንደሱ ታጋሽ ሞተር አላየሁም። ለዚህ ነው በደንብ ሳይለካ ሲፈታ የሚያንገበግበኝ።

ጥያቄ፣ ከባህር ዳር፦ ማስተር፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበትም የለውም። መካኒኩ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ አየሩ የሚጨመቅበትን ግፊት) ለካና «ከአምራቹ መጽሐፍ ቁጥር በታች ነው፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ» አለኝ። እሺ ልበል?

ቆይ ወንድሜ፣ እሺ አትበል። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ፋሻ የጨረሰ ሞተር ዘይት ስለሚያቃጥል ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ባህር ዳር ከባህር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ባህር ወለል ላይ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው። ስለዚህ ነዳጅ ስትረግጠው ትንሽ መጥቆሩ የአገሩ ነገር ነው። በጣም ከጠቆረ የአየር ማጣሪያውን፣ ቀጥሎ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች፣ ከዚያ የናፍጣ ፖምፓውን ልክ አሳይ።

ኮምፕሬሽኑም እንደዚያው። የመጽሐፉ ቁጥር ለባህር ወለል ነው የተጻፈው። መጽሐፉ 35 ባር ካለ እዚህ 28 ያነበበ ሞተር ጤነኛ ነው። ይህን ሳያሰሉ ስንቱን ደህና ሞተር አወረዱት! ዋናው ቁጥር በ6ቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከፍታው ተሰልቶ ቁጥሩ ደህና ከሆነና ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑ ፋሻውን ተወው። አንዱ ብቻ ከወረደ ችግሩ እዚያ ነው። እሱንም ቢሆን ከመፍታትህ በፊት የቫልቭ ክፍተት አስለካ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ የአየር ማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ የጭሱ ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የጠበበ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ያስወጣል። ደካማ ባትሪም ሞተሩን ቀስ ብሎ ስለሚያዞረው ቁጥሩን ያወርዳል።

እኔ ወጣት ሳለሁ የራሴን መኪና በዚሁ ሰበብ አንድ ጋራዥ ፈቶብኛል። ሲከፈት ፋሻው ደህና ነበር። የታፈነው የአየር ማጣሪያው ነው።

ጥያቄ፣ ከአዴት፦ ማጣሪያውን በየሳምንቱ በኮምፕረሰር አስነፋለሁ። ይበቃል?

በየት በኩል ነው የሚነፉት? ከውጭ ወደ ውስጥ ከነፉት አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ እየቀበሩት ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ለስለስ ባለ ግፊት ይነፋ። ከዚያ ጨለማ ቦታ ውስጡ የእጅ ባትሪ አብራበት። እንደ ኮከብ ብልጭ የሚል ቀዳዳ ካየህ ጣለው። የዳር ጎማውም ከደረቀ እንደዚያው። አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አድርግ፦ ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፍታና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ላይ አቧራ ካለ ሞተርህ አፈር እየበላ ነው። ፋሻና ሲሊንደር የሚጨርሰው ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ይሄ ነው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ታቦር፦ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላል። ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቅ ይተወዋል።

የናንተ ብርድ ደግሞ ከኛ ይብሳል። መጀመሪያ ካንዴሌታዎቹን፣ ማለትም ማሞቂያዎቹን፣ ተመልከት። የሚያገናኛቸውን ሽቦ አንስተህ አንድ በአንድ በሜትር ለካ። ከ6ቱ 2 ሞተው ከሆነ የምትለው ሁሉ ይመጣል። ስትገዛ የመኪናህን ቮልት አረጋግጥ፣ 12 አለ፣ 24 አለ።

ሁሉም ደህና ከሆኑ በናፍጣው መስመር አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ጠዋት ቁልፍ ሳትነካ ማጣሪያው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ጫን ጫን አድርገው። መጀመሪያ ልል ሆኖ ከቆየ በኋላ ከጠነከረ፣ ከዚያም መኪናው ወዲያው ከተነሳ፣ የሚያፈስ ቱቦ ወይም ማሰሪያ አለህ። አደራ፣ ማስነሻ ስፕሬይ እንዳትነፋበት። የጋለ ካንዴሌታ ሲያገኘው ይፈነዳል፣ ፒስተን ይሰብራል።

ጥያቄ፣ ከባህር ዳር፦ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ስመለስ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ሙቀቱ ቀይ ነካ። «ቴርሞስታቱ ነው» ብለው አውጥተው ጣሉት። አሁን ደግሞ ጠዋት አይሞቅም፣ ዳገት ላይም ያው ነው።

እህቴ፣ ቴርሞስታቱን መልሺው። ያለሱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ዘይቱም ይቆሽሻል። እንዳየሽውም ችግሩን አልፈታውም።

የራዲያተሩን ክዳን አስቢበት። በባህር ዳር ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው ዳገት ላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ይለቀዋል፣ ውሃው ይፈላል፣ ሰዉ ግን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማስወረድ ይጀምራል። ክዳን ርካሽ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ቀይሪ። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ ግን እንደጋለ የፋኑን ክንፍ በእጅ አዙሪው። ያለምንም መያዝ የሚሽከረከር ከሆነ ፋኑን የሚይዘው ፍሪሲዮን ሞቷል። ከዚያ ራዲያተሩ። የወንዝና የጣና ውሃ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር ቀጫጭን ቱቦዎቹ በደለል ተደፍነዋል። አሳጥቢውና ኩላንት በተጣራ ውሃ በጥብጠሽ ሙዪ።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ (ክዳኑን መክፈት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው!) ያኔ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ወይም ራሱ ቴስታታው ነው። የዚህ ሞተር ቴስታታ አንዴ በደንብ ከጋለ መሰንጠቅ ይወዳል። ስለዚህ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይረው እንዳይገጥሙልሽ። ቶርኖ ቤት ሄዶ በግፊት ይፈተሽ፣ ቀጥ ማለቱም ይለካ።

ጥያቄ፣ ከወረታ፦ ርብ ሞልቶ ፎገራ ላይ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ሞተሩ ድርግም አለ። አስጎትቼ አወጣሁት። ቁልፍ ልሞክር?

እንዳትሞክር! ውሃ አይጨመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ካለ ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጎብጣል። የአየር ማጣሪያውን ክፈት። እርጥብ ከሆነ 6ቱንም ካንዴሌታ አውጣ፣ ፊትህን አርቀህ ሞተሩን በሞቶሪኖው (በማስነሻው) ትንሽ አዙረው፣ ውሃው ይተፋል። ዘይቱን በመለኪያው እይ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ሳታስነሳ ቀይር። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይትም ይታይ። ከተነሳ በኋላ ከአንዱ ሲሊንደር የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማህ አጥፋው፣ ያኔ መፍታት ግድ ነው።

ጥያቄ፣ ከመራዊ፦ የታይሚንግ ቤልት መቼ ይቀየር?

በ100,000 ኪሎ ሜትር። መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ ዛሬ። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ጥያቄ፣ ከባህር ዳር፦ ልጄ፣ የኔ በእርግጥ ጨርሷል። ሰማያዊ ያጨሳል፣ የዘይት ክዳኑ ሲከፈት እንደ ወናፍ ይነፋል፣ በየሳምንቱ ዘይት እጨምራለሁ። ላሳድሰው ወይስ ያገለገለ ሞተር ልግዛ?

አባቴ፣ የርስዎ ምልክት ሙሉ ነው። እኔ ብሆን አሳድሰዋለሁ። የራስዎን ሞተር ታሪክ ያውቁታል፣ የተገዛውን ግን ከፍተው ካላዩት አያውቁትም። ኮሎ ዶካው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ወይም ብሎኩ ከተሰነጠቀ ብቻ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ሲፈታ እርስዎ ይገኙ። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለካ። ሞላላ ከሆነ አዲስ ፋሻ ብቻ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፣ በጥቂት ወር ይመለሳል። ቶርኖ ቤት ተቦርቡሮ ትልቅ ፒስተን ይግባበት። ኩሽኔታ፣ የዘይት ፖምፓና የውሃ ፖምፓ አብረው ይታዩ። ኖዝሎቹንም ያስፈትሹ፣ በሚያንጠባጥብ ኖዝል አዲስ ፒስተን እንዳይቃጠል።

ጥያቄ፣ የኚሁ አባት፦ ከታደሰ በኋላ «አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ ይሥራ» ይላሉ።

አይሆንም። ቆሞ ሲሠራ ፋሻው ሲሊንደሩን በደንብ አይዝም። ውሃና ዘይት እንደማይፈስ ካዩ በኋላ በቀስታ ይንዱት። ወደ ጢስ አባይ ደርሶ መልስ ጥሩ ነው፣ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ሳያስጨንቁት። በ1,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱንና ማጣሪያውን ይቀይሩ፣ የቫልቭ ክፍተቱም እንደገና ይለካ። የወጣውን ዘይት በጀሪካን ያስቀምጡልኝ። ቦዩ ውስጥ ከተደፋ ጣና ነው የሚገባው። እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ።